ግልባጭ የሌለው ሐረግ

በመዝገብ ቤት ሥራ ላይ ጥቂት ዓመት የቆየ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ይኸውም ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ዕድሜው የአንድ ወረቀት ዕድሜ ብቻ መሆኑ ነው። ወረቀቱ በዝናብ ቢርስ፥ በምስጥ ቢበላ፥ ወይም የተቻኰለ ሹም ከጠረጴዛው መሳቢያ አግብቶ ቢረሳው፥ በውስጡ የነበረው ቃል ሁሉ ከዚያው ጋር ያልፋል። ስለዚህ አለቆቻችን ሥራ በጀመርንበት ቀን በመጀመሪያ ያስተማሩን ነገር የፊርማና የማኅተም ጉዳይ ሳይሆን፥ ከደብዳቤው ግርጌ «ግልባጭ» ከሚለው ቃል በታች ለማን ለማን እንደሚላክ አጥርቶ መጻፍ ነበር። እኛም የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርታችንን ጨርሰን ወደ መንግሥት ሥራ ከገባን ወዲህ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስንሠራ ኖረናል። ይሁን እንጂ የዚህች ትንሽ ቃል ትርጉም ምን ያህል ጥልቅ እንደ ሆነ የገባን በመዝገብ ቤት ውስጥ አይደለም። መጀመሪያ የገባን ከአገራችን ርቀን በአንድ የወይን ተራራ ላይ በቆምን ጊዜ ነው፤ ተምረን የጨረስነው ግን ከዚያ ተመልሰን በገዛ አባታችን ግቢ ውስጥ ነው። ለአንባቢዎቻችን ልናወጋ የተነሣነውም ይህንኑ ነው።

አባታችን በቢሾፍቱ የሚኖሩ ጡረተኛ የአንደኛ ደረጃ መምህር ናቸው። በወጣትነታቸው በድሬዳዋ ሲያስተምሩ ሳለ ከአንድ ግቢ የተቈረጠ የወይን ቅርንጫፍ ተሰጥቷቸው፥ በርጥብ ጆንያ ጠቅልለው በባቡር ይዘውት መጡና በግቢያቸው ተከሉት። ሐረጉም አድጎ ከቤታችን ደጃፍ እስከ ማድ ቤቱ ድረስ በእንጨት ዳስ ላይ ተዘረጋ። ፍሬው ሲበስል እንደሌላው ወይን አይጠቍርም፤ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ ሆኖ፥ ፀሐይ ከበስተኋላው ስትመታው ፍሬ ውስጥ ያለው ዘር በቆዳው በኩል ይታይ ነበር። አባታችን የሰጣቸውን ሰው ስሙን ሳይጠይቁ ተለያይተው ስለ ነበር፥ በቤታችን «ነጩ» ተብሎ ብቻ ይጠራ ነበር።

እናታችን ይህን ፍሬ አድርቀው ለደብራችን የቅዳሴ ዘቢብ ይሆን ዘንድ ሊሰጡ ተመኝተው ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የቍርባኑ ወይን ከዘቢብ ተዘፍዝፎና ተጨምቆ እንደሚዘጋጅ የታወቀ ነው። ነገር ግን የንስሐ አባታችን ፍሬውን በእጃቸው መዳፍ ላይ አገላብጠው ከተመለከቱ በኋላ፥ «ልጄ፥ ሐሳብሽን እግዚአብሔር ይቀበልልሽ፤ ለዚህ ግን የሚያስፈልገን ቀይ የሚወጣው ነው፤ ይህን ለልጆቹ ስጫቸው» ብለው በትሕትና መለሱላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ነጩ» የተለየ ሥራ የሌለው ሐረግ ሆኖ ቀረ። ለእኛ ለልጆች ከትምህርት ቤት መልስ የምንለቅመው ቍርስራሽ፥ ለወፎች ምግብ፥ ለአባታችን ደግሞ የተማሪዎቻቸውን ደብተር የሚያርሙበት ጥላ ነበር። ጥቅሙ በገንዘብ የማይታሰብ ነገር ሁሉ እንደሚሆነው፥ ከቤቱ ዕቃ አንዱ ሆኖ እንጂ እንደ ሀብት ተቈጥሮ አያውቅም።

ከስድስት ዓመት በፊት እናታችንን የስኳር ሕመም ያዛቸው። የአባታችን ጡረታና የእኛ ደመወዝ አንድ ላይ ተደምሮ ከመድኃኒቱ ዋጋ ጋር ወሩን አላደርስ አለ። ስለዚህ በግቢው ውስጥ ሁለት ክፍል ሠርቶ ማከራየት እንደሚሻል ተመከረ፤ ለመሥሪያ የሚሆነው ቦታ ግን ከወይኑ ዳስ በታች ያለው ብቻ ነበር። አባታችን ሐሳቡን በሰሙ ጊዜ አልተቃወሙም፤ ደገፉም ለማለት አይቻልም። «ለእናትህ መድኃኒት ከሆነ ምን ይባላል፥ ልጄ» ብለው ዝም አሉ።

በማግሥቱ መጥረቢያ ይዘን ግንዱን የቈረጥነው እኛው ራሳችን ነን። ከሰው ክንድ እምብዛም የማይወፍር ግንድ ስለ ነበረ፥ አርባ ዓመት ያህል የቆመውን ተክል ለመጣል ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም። ከተቈረጠው ጉቶ ግን ለሁለት ቀን ያህል ውሃ ሲንጠባጠብ ሰነበተ። ሦስተኛው ቀን ላይ ግንበኞቹ መሠረት ሲቈፍሩ ሥሩንም ነቅለው ጣሉት። ቤቱ ተሠራ፤ ተከራይ ገባ፤ መድኃኒቱም ተገዛ። በዚህ ነገር ተሳስተናል አንልም፤ ዛሬም ቢሆን እናትና ሐረግ በአንድ ሚዛን ቢቀመጡ ምርጫችን አይለወጥም። ነገር ግን አባታችን ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ወንበራቸውን ከኪራይ ቤቱ ግድግዳ ጥላ ጋር እያንፏቀቁ ሲቀመጡ ባየን ቍጥር፥ አንድ ያልተመለሰ ደብዳቤ በጠረጴዛችን ላይ የተቀመጠ ይመስለን ነበር።

ነገሩ በዚህ ሁኔታ ሳለ፥ ከሁለት ዓመት በፊት የመዝገብ አያያዝ ትምህርት ለስድስት ሳምንት ያህል እንድንከታተል ከሁለት ባልደረቦቻችን ጋር ወደ ፈረንሳይ አገር፥ ወደ ሊዮን ከተማ ተላክን። ወሩ መስከረም ነበረና የወይን መልቀሚያ ጊዜ ነው። አስተማሪዎቻችን በአንድ እሑድ ቀን አገሩን እንድናይ ብለው በአውቶቡስ ከሊዮን ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወሰዱን። መንገዱ የሮንን ወንዝ ተከትሎ ይወርዳል። በመጀመሪያ የምናየው የፋብሪካ ጭስ ማውጫና የኬሚካል ማጠራቀሚያ ብቻ ስለ ነበረ፥ ከባልደረቦቻችን አንዱ፥ «ለሽርሽር ነው ወይስ ለሥራ ጉብኝት የወጣነው?» ብሎ አሣቀን። ወንዙ ከሚታጠፍበት ሥፍራ ስንደርስ ግን በስተ ምዕራብ በኩል ያለው ተራራ ከግርጌው እስከ ጫፉ በድንጋይ እርከን ተሰድሮ ታየ። በየእርከኑም ላይ የወይን ሐረግ በእንጨት ካስማ እየታሰረ ቆሟል። የኮንሶን ተራሮች ያየ ሰው የዚያን ጊዜ ምን እንደ ተሰማን ይገባዋል። ከተማዪቱ ኮንድሪዮ ትባላለች፤ በዚያ የሚበቅለው ነጭ የወይን ዘር ደግሞ ቪዮኒዬ ይባላል።

ቪዮኒዬ ዛሬ ስሙ በብዙ አገር የታወቀ ነው። ሆኖም ከአንድ ሰው ዕድሜ በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ከዓለም ሊጠፋ ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። ታሪኩን የነገሩን በወይኑ ቦታ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሠሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው በፈረንሳይኛ ሲናገሩ አስተማሪያችን ወደ እንግሊዝኛ ይመልስልን ነበር፤ የቀረውንም በኋላ ከመጻሕፍት አገኘነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የአገሩ ሰዎች በአፈ ታሪክ ሲናገሩ፥ ይህን ዘር በሦስተኛው መቶ ዓመት የሮማ ንጉሠ ነገሥት ፕሮቡስ ከድልማጥያ አምጥቶ አስተከለው ይላሉ። የዘመናችን ሊቃውንት ግን የዘርን ባሕርይ በሚመረምሩበት ጥበብ ፈትሸው፥ ዘመዶቹ ከዚያው ከሮን ወንዝና ከአልፕስ ተራሮች አካባቢ እንደ ሆኑ አግኝተዋል። ያም ሆነ ይህ ዘሩ በኮንድሪዮ ተራራ ላይ ብዙ ዘመን ኖሯል። ችግሩ ባሕርዩ ነው። አበባው በብርድ ወይም በዝናብ ጊዜ ሳያፈራ ይረግፋል፤ ቅጠሉንና ፍሬውን አመድ የተነሰነሰበት የሚያስመስል በሽታ ቶሎ ይይዘዋል። ፍሬው ሲበስል ደግሞ ጊዜው እጅግ አጭር ነው፤ ጥቂት ቀን ቀድመው ቢለቅሙት መዓዛው አይወጣም፥ ጥቂት ቀን ቢያዘገዩት ኮምጣጣነቱ ጠፍቶ የወይን ጠጁ ሕይወት አይኖረውም። በዚህ ሁሉ ላይ የሚሰጠው ፍሬ ጥቂት ነው። ባለርስት በልቡ ሒሳብ ቢያስብ የሚተክለው ዘር አይደለም።

መከራው በተራ በተራ መጣ። በ1860ዎቹ ፊሎክሴራ የሚባል ከአሜሪካ የመጣ ትንሽ ተባይ በፈረንሳይ አገር የወይኑን ሥር እየበላ አውራጃ በአውራጃ አጠፋ። መድኃኒቱም የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ ተባዩን ከሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ አጣብቆ ማብቀል ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ግን እርከኑን ሁሉ እንደ ገና መትከል ማለት ስለ ነበረ፥ ብዙ ሰው ዐቅሙ አልቻለም። ቀጥሎ ከ1914 እስከ 1918 የተደረገው ጦርነት የመንደሩን ጐልማሶች ወሰደ፤ ከሄዱት ብዙዎቹ አልተመለሱም። ከሁለተኛውም ጦርነት በኋላ በወንዙ ዳር ፋብሪካዎች ተስፋፍተው የወር ደመወዝ ይከፍሉ ጀመር። በተራራው ላይ ማረሻ የሚጐትት እንስሳም ሆነ ሞተር አይወጣም፤ ቍፋሮው፥ ማሰሩ፥ ለቀማው ሁሉ በሰው እጅ ነው። ከከባድ ዝናብ በኋላም ወደ ታች የተንሸራተተውን አፈር በቅርጫት ተሸክሞ ወደ ላይ መመለስ ያስፈልጋል። እንግዲህ ወጣቱ በወር መጨረሻ ደመወዙን ቈጥሮ የሚቀበልበት ፋብሪካ ከተራራው ሥር ሳለ፥ አፈር ተሸክሞ ወደ ላይ ባለመውጣቱ ማን ይፈርድበታል? በሜዳው ያሉትም ቢሆኑ ቶሎ ገንዘብ የሚያስገኝ የፍራፍሬ ዛፍ መትከልን መረጡ።

በ1936 ሻቶ ግሪዬ የሚባለው ከ4 ሄክታር የማይበልጥ ርስት፥ በ1940 ደግሞ የኮንድሪዮ ወይን በሕግ የተጠበቀ ስም ተሰጣቸው። ሕጉ ስሙን ጠበቀ፤ ስሙን የሚሸከመውን ሐረግ ግን ሊጠብቅ አልቻለም። በ1960ዎቹ ዓመታት በፈረንሳይ አገር ሁሉ የቀረው የቪዮኒዬ ተክል ቢሰበሰብ 15 ሄክታር እንኳ አይሞላም ነበር። በሌላውም ዓለም ለስም የሚጠራ ተክል አልነበረም። እንግዲህ አንድ ዘር በአንድ ተራራ ላይ፥ በጥቂት ሰዎች እጅ፥ ያለ ግልባጭ ቀርቶ ነበር ማለት ነው።

ሽማግሌው ይህን ሲነግሩን ወደ ተራራው ወገብ በእጃቸው እያመለከቱ፥ «ያ ሁሉ ዛሬ ወይን ሆኖ የምታዩት በልጅነቴ እሾህ ነበር» አሉን። እኛም ማን እንዳዳነው ጠየቅናቸው። እሳቸው ግን በቀጥታ አልመለሱልንም። «አንድ ሰው ብቻውን ተራራ አያድንም፤ ነገር ግን አንድ ሰው እንቢ ካላለ ሌሎቹ እንቢ ማለትን አያውቁም» ብለው የሙሴ ዦርዥ ቬርኔን ነገር ያወጉን ጀመር።

ሙሴ ዦርዥ ቬርኔ የኮንድሪዮ ሰው ናቸው። በ1953 የወይኑን ቦታ ሥራ ከአባታቸው ተረከቡ። ጎረቤቶቻቸው እርከናቸውን እየተዉ ሲወርዱ እሳቸው ወደ ላይ ወጡ፤ የፈረሰውን የድንጋይ ካብ አቆሙ፥ እሾሁን መነጠሩ፥ በአሮጌው ግንድ ፋንታ አዲስ ተከሉ። ለብዙ ዓመታትም የአካባቢው የወይን ተካዮች ማኅበር ሰብሳቢ ሆነው፥ ሌሎች እንዲተክሉ ሲመክሩና ሲወተውቱ ኖሩ። በኋላም ሥራውን ለሴት ልጃቸው አስረክበው በ2017 ዐረፉ። እሳቸው ሲጀምሩ በጣት የሚቈጠር የነበረው የኮንድሪዮ የወይን ቦታ፥ ዛሬ በሰባት መንደሮች ተሰራጭቶ 200 ሄክታር ያህል ሆኗል። ከዚያም አልፎ ቅርንጫፉ ባሕር ተሻገረ። በ1980 በአውስትራሊያ፥ በዚያው ዘመን አካባቢም በካሊፎርኒያ ተተከለ፤ የአሜሪካው የቨርጂኒያ ክፍለ አገርም በ2011 የአገሩ መታወቂያ የሚሆን ወይን አድርጎ መረጠው። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው የቪዮኒዬ ተክል ከ10 ሺህ ሄክታር በላይ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ወይን ባሕርይ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ገብስ ወይም ስንዴ ዘሩን ቢዘሩት እናቱን የመሰለ ይበቅላል። ወይን ግን የፍሬውን ዘር ቢዘሩት የሚበቅለው ልጁ እንጂ እሱ ራሱ አይደለም፤ ወንድም ከወንድም እንደሚለይ ሁሉ ልጁም ከወላጁ ይለያል። ያንኑ ወይን ማግኘት የሚቻለው ቅርንጫፉን ቈርጦ በመትከል ወይም በሌላ ሥር ላይ በማጣበቅ ብቻ ነው። ስለዚህ በኮንድሪዮ የምናየው ሐረግ፥ የዛሬ ብዙ መቶ ዓመት ከአንድ ዘር የበቀለው ያው አንዱ ተክል ከእጅ ወደ እጅ፥ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየተላለፈ የኖረ ነው። አንድ ትውልድ እጁን ቢያጥፍ ቀጣዩ ከየትም ሊያመጣው አይችልም። ይህን በሰማን ጊዜ የመዝገብ ቤት ሰው መሆናችን ትዝ አለንና፥ «እንግዲህ እያንዳንዱ ሐረግ ግልባጭ ነው፤ ዋናው ግን ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆነው» ብለን ለባልደረቦቻችን ተናገርን። ሽማግሌውም ተተርጕሞላቸው ሲሰሙ ራሳቸውን ነቅንቀው ሣቁ።

በመጨረሻም ከትንሽ ብርጭቆ ቀዱልን። መልኩ ከገለባ ወርቅነት ጋር ይመሳሰላል። መዓዛው እንደ በሰለ ኮክና እንደ አበባ ነው፤ ሲቀምሱት ግን እንደ ሽታው ጣፋጭ አይደለም፤ ይሞቃል፥ ይከብዳልም። እኛ በወይን ጠጅ ዕውቀት የለንምና ከዚህ የበለጠ ብንናገር ትዕቢት ይሆንብናል። ነገር ግን ከመጠጡ ይልቅ ልባችንን የነካው ሽማግሌው ከብርጭቆው በፊት ያሳዩን አንድ ዘለላ ነበር። ዘለላውን ወደ ፀሐይ አንሥተው ሲይዙት በነጩ ፍሬ ቆዳ በኩል ዘሩ ታየ። ያን ጊዜ የቢሾፍቱ ዳስ፥ የአባታችን ወንበር፥ ለሁለት ቀን የተንጠባጠበው ጉቶ ሁሉ በአንድ ጊዜ በዓይናችን ላይ መጣ። ባልደረቦቻችን ፎቶግራፍ ሲነሡ እኛ ወደ እርከኑ ጫፍ ሄደን ወንዙን እያየን ቆየን። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል፤ ያን ዕለት ግን ለእኛ የተነገረ ሆኖ ተሰማን።

አንባቢ፥ «የአንድ ግቢ ሐረግና የአንድ አገር ዝነኛ ወይን ምን ያገናኘዋል?» ይለን ይሆናል። የሚያገናኘው የዋጋው ትልቅነት አይደለም። ቪዮኒዬም ቢሆን ዋጋ ያጣበት ዘመን ነበረ፤ ያጠፉት የነበሩትም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ልጆቻቸውን ለማስተማር፥ እናቶቻቸውን ለማሳከም ፋብሪካ የገቡ፥ በቂ ምክንያት የነበራቸው ሰዎች ነበሩ። ነገር ከዓለም የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ በጠላት እጅ ሳይሆን እንዲህ ባለው በቂ ምክንያት መሆኑን ያስተዋልነው በዚያ ቦታ ነው። ጥፋታችን መቍረጣችን አይደለም። ከመቍረጣችን በፊት አንዲት ቅርንጫፍ ወስደን በቆርቆሮ አለመትከላችን ነው። ለአንድ ተራ የስብሰባ ጥሪ ደብዳቤ አራት ግልባጭ የምናደርግ ሰዎች፥ አርባ ዓመት ለቆመው ተክል አንድም አላደረግንም።

መንግሥታትም ይህን ነገር በጊዜው ተረድተውታል። ፈረንሳዮች በ1949 በሜዲቴራንያን ባሕር ዳር፥ ቫሳል በተባለ ሥፍራ፥ ተባዩ በማይኖርበት አሸዋ ላይ ከብዙ አገር የተሰበሰቡ የወይን ዘሮችን የያዘ የተክል መዝገብ ቤት አቋቁመዋል። በአገራችንም በ1976 በአዲስ አበባ የተክል ዘር ሀብት ማዕከል ተቋቁሞ የገብሱን፥ የጤፉን፥ የማሽላውን ዘር ከየገበሬው ጐተራ እየሰበሰበ ማስቀመጥ ጀምሯል፤ ዛሬም የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥራውን ይቀጥላል። ዘሩ እንዴት እንደሚተሳሰር ደግሞ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ሲራ የሚባለው ቀይ ወይን የሁለት የፈረንሳይ ዘሮች ልጅ መሆኑን ሊቃውንት በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ አረጋግጠዋል። ከሁለቱ ወላጆች አንዱ፥ ሞንደዝ ብላንሽ የተባለው፥ ከቪዮኒዬ ጋር የወላጅና የልጅ ዝምድና አለው። ስለዚህ ቪዮኒዬ ለሲራ ወይ አያቱ ነው፥ ወይም በአንድ ወገን ወንድሙ ነው። ያ ሲራ ደግሞ በእኛው አገር በስምጥ ሸለቆ፥ በዝዋይ አጠገብ ተተክሎ ጠጁ በ2014 ለገበያ ቀርቧል። የኮንድሪዮ ነጭ ወይን በአገራችን ዘመድ አለው ማለት ነው።

በጥቅምት ወር ወደ አገራችን ተመለስን። በመጀመሪያው ቅዳሜ ወደ ቢሾፍቱ ሄደን፥ አባታችን ከግድግዳው ጥላ ተቀምጠው ሳለ ያየነውንና የሰማነውን ሁሉ አወጋናቸው። እንደ ልማዳቸው በመካከል ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን።

«ያ ሰውዬ ቅርንጫፍ ለሰው ይሰጥ ነበር?»

«ባይሰጡ ኖሮ አውስትራሊያ እንዴት ይደርስ ነበር፥ አባባ?» አልናቸው።

«እንግዲያስ ደግ ሰው ነበር» አሉ። ከጥቂት ዝምታ በኋላም፥ «ከሐይቁ በላይ ያለውን የድሮ ጎረቤታችንን ቤት ታውቀዋለህ። ከዚህ ተነሥተው የሄዱ ጊዜ ምን ልስጣቸው ብዬ ከነጩ አንድ ቅርንጫፍ ሰጥቻቸው ነበር። ቢደርቅም ባይደርቅም ጠይቃቸው» አሉን።

ያን ሁሉ ጊዜ ይህን ያልነገሩን ለምን እንደ ሆነ አልጠየቅናቸውም። ይመስለናል፥ ቢነግሩን ኖሮ የሚያጽናኑን ሳይሆን የሚወቅሱን እንዳይሆን ፈርተው ነው። የአባትን ዝምታ መተርጐም ከፈረንሳይኛ ይልቅ ይከብዳል።

በዚያው ቀን ማታ ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄድን። ሐረጉ በማድ ቤታቸው ቆርቆሮ ክዳን ላይ፥ በጢስ መካከል፥ ማንም ሳይገርዘው እንደ ልቡ ተንሰራፍቶ አገኘነው። የመጣንበትን ጉዳይ ስናስረዳቸው ዐይናቸው እንባ አቀረረ። «የአባትህ አደራ ነው እንጂ የእኔ መች ሆነና! ጠያቂ ሲታጣ ተረስቷል ብዬ ነበር» አሉን። እኛም፥ «እትዬ፥ ረስተነው ሳይሆን መኖሩን ሳናውቅ ነው» ብለን እጃቸውን ሳምን። በጥር ወር ሲገረዝ መጥተን እንድንወስድ ተስማማን።

በጥር አምስት ቅርንጫፍ ቈርጠው ሰጡን። አባታችን እንደ ድሮው በርጥብ ጆንያ ጠቅልለው፥ በየዘይት ቆርቆሮው ተከሉ። ሦስቱ በሰበሱ። አራተኛው ሁለት ቅጠል ካወጣ በኋላ የተከራዮቻችን ፍየል በላው። አምስተኛው ግን በመጋቢት አጋማሽ አቈጠቈጠ። ይህን ስንጽፍ ቁመቱ ከአንድ ሜትር አልፏል። በኪራይ ቤቱና በአጥሩ መካከል አንድ ክንድ የማይሞላ ባዶ መሬት ስላለ በዚያ ተተክሎ፥ በገመድ ወደ ጣራው እየተሳበ ነው። ኪራዩም አልቀረ፥ የእናታችንም መድኃኒት አልተቋረጠ። ስናስበው ከስድስት ዓመት በፊትም ቢሆን ያ አንድ ክንድ መሬት እዚያው ነበረ፤ ያየው ሰው አልነበረም እንጂ።

በዚህ ዓመት ጥር ከሴትዮዋ ሐረግ እንደ ገና ስምንት ቅርንጫፍ ተቀበልን። አንዱን ለቤት ተከራያችን ሰጠን፤ ይህም ለፍየሉ ካሳ ሳይሆን ለጠባቂነት ነው። ሁለቱን ለመሥሪያ ቤታችን አትክልተኛ አደራ አልን። አንዱን አባታችን ያስተምሩበት በነበረው ትምህርት ቤት ግቢ ልጆች ተከሉት። ሌሎቹን ለወንድማችንና ለባልደረቦቻችን አከፋፈልን። የሚጸድቀው ስንቱ እንደ ሆነ ክረምቱ ያሳየናል።

ለአንባቢዎቻችን ምክር ለመስጠት ዕድሜያችንም ዕውቀታችንም አይፈቅድልንም። ቢሆንም በየቤታችን፥ ከሽማግሌዎች እጅ ብቻ የቀረ አንድ ነገር የማይገኝበት ሰው የለም፤ የእህል ዘር ሊሆን ይችላል፥ የእጅ ሙያ ሊሆን ይችላል፥ በአንድ አያት አፍ ብቻ ያለ የቤተሰብ ታሪክ ሊሆን ይችላል። ለመቍረጥ የሚያስገድድ ችግር ይመጣ ይሆናል፤ ከመቍረጥ በፊት ግን ግማሽ ሰዓት ይገኛል። ያን ግማሽ ሰዓት ለግልባጩ ማዋል የማንም ዐቅም የሚችለው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አባታችን በአዲሱ ሐረግ አጠገብ ወንበራቸውን አስቀምጠው አገኘናቸው፤ ጥላ ገና አልሠራም፥ እሳቸው ግን ቀድመው ቦታ ይዘዋል። የቅርንጫፎቹን ነገር ስንነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው፥ «ግልባጭ ለማን ለማን አደረግህ?» ብለው ጠየቁን። እኛም በጣታችን እየቈጠርን አንድ በአንድ ነገርናቸው።